እፍ አትበይው፣ ሃ በይው

የሱቁን ቁልፍ ለአዲሱ ተከራይ ያስረከብኩ ዕለት እጄን ስታጠብ ዋልኩ። የማኅተም ቀለም ከጥፍር ሥር እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ልጄ ሳሙናውን ከእጄ ወስዳ፣ «ተይው እማዬ፣ አንቺ ጡረታ ወጣሽ እንጂ ቀለሙ መቼ ወጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጬ የአምቦ ሰው መንገዱን ሞልቶ ሲያልፍ ሳይ፣ የስንቱ ወረቀት በእጄ እንዳለፈ አስባለሁ፤ ሰው ሁሉ በኪሱ ወይ በሣጥኑ ውስጥ የእኔን ክብ ይዞ የሚሄድ ይመስለኛል። ማኅተም ቀራጭ ነበርኩ። ሥራዬን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ማኅተም ከአለቃ ጋር አብሮ የሚወለድ ይመስለዋል።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት ከሌላው ተገፍቼ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ሲበዛ የታይፕ መኪናዬን ከነሽፋኗ ዕቃ ግምጃ ቤት አወረዷት፤ እኔንም «ለጊዜው ነው» ብለው መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁርጡን መናገር ግን አይሆንለትም። ሥራ የለሽም ማለት ሲያቅተው ይልከኛል፤ ይህን አድርሺ፣ ያን አምጪ። አንድ ቀን ቲተር አስቀርጪ ብሎ ላከኝ። ቲተር ማለት የኃላፊው ስምና ማዕረግ ያለበት፣ ከፊርማ ሥር የሚመታው ረጅሙ ማኅተም ነው። ሄጄ በዚያው ቀረሁ ብል ይቀላል።

ማኅተም ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ በሩ ዝቅ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ኦቦ ቶለሳ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጎማ ይቀርጻሉ። ያኔም ሽማግሌ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቴ የያዝኩትን የድጋፍ ደብዳቤ አገላብጠው አዩና «ጠብቂ» አሉኝ። ምላጩ በጎማው ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ፍርፋሪው ብቻ እንደ ጥቁር አዝሙድ ጉልበታቸው ላይ ይረግፋል። ሳላስበው ቀኑ መሸ። ስነሣ፣ «ይህን ሥራ ያስተምሩኛል?» አልኳቸው፤ ምን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ቁጣሽስ?»

«እሱም አለ።»

«እንግዲያ ቁጣሽን ቤትሽ እያስቀመጥሽ ነይ» አሉኝ።

የማኅተም ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የእኛ ፊደል ሲገለበጥ ተንኮል አለው፤ «ባ» ሲገለበጥ «ቦ» ይሆናል፣ «ሳ» ሲገለበጥ «ሶ»። የትኛው እግሯ ነው የሚረዝመው እያልሽ ስታስቢ ምላጩ ቀድሞሽ ይሄዳል። በራሴ እጅ የጨረስኩት የመጀመሪያው ማኅተም ላይ ሁሉን ገልብጬ አንዲት ፊደል ብቻ በቁሟ ትቼ ኖሮ፣ ወረቀት ላይ ሲመታ «አምቦ» ሳይሆን «አምባ» ብሎ ቁጭ አለ። ኦቦ ቶለሳ ወረቀቱን ከመነጽራቸው በላይ አይተው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከተማውን ሙሉ ተራራ ላይ ሰቀልሽው» አሉኝ። አልተቆጡም። ሻይ ጠጥተን እንደገና ጀመርኩ።

ያን ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወንጪ ይሄዱ ነበርና አስከተሉኝ። ከአፋፉ ላይ ስንደርስ ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል። ኦቦ ቶለሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉሙ እየሳሳ ሲሄድ ማዶ ያለው ኮረብታ ከነቤቶቹ፣ ከነእንሰቱ በውሃው ውስጥ ተዘቅዝቆ ታየ። «ውሃው ሲገለብጠው ቤቱ ጠፋሽ?» አሉኝ። «አልጠፋኝም» አልኩ። «ፊደሉም አይጠፋሽም።» አንዲት ጀልባ መጥታ ሥዕሉን ሰነጠቀችው፤ ካለፈች በኋላ ቀስ እያለ ተመልሶ ገጠመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕልሜ ሁሉ የተገለበጠ ነው። በሕልሜ ገበያ ስወጣ የሱቆቹ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እኔም ሳልደናገር አነባለሁ። አሁንም አልፎ አልፎ ያንን ገበያ እሄድበታለሁ።

ኦቦ ቶለሳ ልማድ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ እኔ ሥርዓት እለዋለሁ። ከወረቀቱ ሥር ሁልጊዜ የታጠፈ የብርድ ልብስ ቁራጭ ያነጥፋሉ፤ ማኅተም ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ጠርዙ ብቻ ይይዛል፣ መሐሉ ይሳሳል። የመጀመሪያውን ምት ለደንበኛ አይሰጡም፤ መዳፋቸው ላይ መትተው እንደ ዕድል አንባቢ መዳፋቸውን ያነብባሉ፣ ከዚያ ይጠርጋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ትንፋሹ ነበር። ማኅተሙን ቀለም ካስነኩ በኋላ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ አፋቸውን ከፍተው «ሃ» ይሉታል፤ ከዚያ ነው የሚመቱት። እኔ መጀመሪያ «እፍ» አልኩት።

«እፍ አትበይው» አሉኝ። «እፍ ሻማ የሚያጠፋ ነው፣ ሾርባ የሚያቀዘቅዝ ነው። ቀለሙን ያደርቅብሻል። ሃ በይው። ሃ ከሆድ ነው የሚመጣው፤ ሙቀትም እርጥበትም አለው። የደረቀውን ቀለም ያስነሣዋል።»

በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጸሐፊዎች ሁሉ ይህን ያደርጉታል፤ ማኅተም አንሥቶ ሃ ሳይል የሚመታ ሰው አላየሁም። ግን ለምን እንደሚያደርጉት ብትጠይቋቸው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ባልማር ኖሮ እንደዚያው ነበርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉደር ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ካምፓስ አጠገብ ሁለተኛ ሱቅ ከፈትንና እኔ ተመደብኩ። የተማሪ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማኅተም እቀርጻለሁ። ጧት ጧት የወንዙ ጉም እስከ ደጃፌ ይመጣ ነበር፤ በሩን ስከፍት ጉሙ ቀድሞኝ ገብቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። የቃል ጥንቃቄ የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ሰው ለሥራ ባልደረቦቻቸው የሐዘን መግለጫ ማኅተም አዘዙኝ፤ እኔ ደግሞ በቤቴ ልማድ መጨረሻው ላይ «ነፍስ ይማር» ማለት ደግ መስሎኝ ጠየቅኳቸው። ሰውየው ፕሮቴስታንት ነበሩ። ፈገግ ብለው፣ «የእኛ ሰው ሲሞት የእሱ ጉዳይ አልቋል፤ እኛ የምንጸልየው ለቀረው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሐዘን ቃል ሲታዘዘኝ የማን ቤት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ምላጭ አላነሣም።

ኦቦ ቶለሳ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ለደረጀ ትተው ጉደር ቤታቸው ተቀመጡ፤ እኔ ወደ አምቦ ተመለስኩ። ደረጀ ቀልጣፋ አለቃ ነበር። ማሽን አመጣ፤ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ማኅተም ሆኖ የሚወጣ። ቀለሙም በሆዱ ውስጥ ያለ ስለሆነ ሃ አያስፈልገውም። ደመወዜን አልነካብኝም፤ ምላጬን ግን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ቀነሱ፣ ማኅተም የሚያስቀርጽ ጠፋ። ጸሐፊዎቹ አፋቸው በማስክ ተሸፍኖ ሃ ማለት ቀረባቸው። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ያላችሁ አውጥታችሁ እዩት፣ ማኅተሙ ፈዛዛ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ልቅሶ መድረስ መከልከሉ ነበር። እኛ አገር ልቅሶ በስልክ አይደረስም። ተነሥተሽ ትሄጃለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ባትናገሪም መቀመጥሽ ይቆጠራል። ያ ሲቀር ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዲት መምህርት መጥታ እናቷ ለሞተባት ባልደረባዋ ካርድ ሥሪልኝ አለችኝ። ወፍራም ወረቀት አጥፌ፣ ቅጠል የሚመስል ነገር በጎማ ቀርጬ መታሁበት። ወሬው ተሰማና ሌሎችም መጡ። ደረጀ ስቆ «ሥራ ነው፣ ያዥው» አለኝ። ምላጬን ከመሳቢያ አወጣሁ።

እቴቴ ብሪቱ የመጣችው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ገበያው ጥግ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ለሜሳ ሞተ» አለችኝ። ለሜሳ እጃጂ ያለችው የታናሽ እኅቷ የጉዲሴ ልጅ ነው። «እኔ ነኝ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። አሁን ልጆቼ አስምሽን ይዘሽ የትም አትሄጂም ብለው በር ዘጉብኝ።»

ነገሩ ግን ኮሮና ብቻ አልነበረም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባታቸው ሲሞቱ በእጃጂው መሬት ጉዳይ አንድ ወረቀት መጥቶ ነበር። ብሪቱ አታነብም። ፈርሚ ሲሏት አውራ ጣቷን ሐምራዊው ቀለም ውስጥ ነክራ ፈረመች፤ ወረቀቱ ጉዲሴ ታርሰው የነበረውን መሬት ለግማሽ ወንድማቸው የሚሰጥ ነበር። ብሪቱ አላወቀችም ነበር ቢሏትም ጉዲሴ አልሰማችም። ሁለቱ እኅትማማቾች ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አሁን ልቅሶው ካልተደረሰ ያ ነገር ለዘለዓለም እንደሚቆለፍ ብሪቱ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

«ወረቀት ሰውን ይተካል?» አለችኝ።

«አይተካም» አልኳት። «ግን ይድረስ።»

አቅሜን ሁሉ አፈሰስኩበት። የጉዲሴ ቤት ፕሮቴስታንት ነው፤ ስለዚህ ነፍስ ይማር አላልኩም፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ቀረጽኩ። ዙሪያውን በቅጠል ጉንጉን አጠርኩት። ቅጠሎቹ እያንዳንዳቸው ደም ሥር ነበራቸው። ብርድ ልብሱን ከሥር አንጥፌ፣ መዳፌ ላይ ሞክሬ፣ ማስኬን ዝቅ አድርጌ ሃ ብዬ መታሁት። አንዲት መስመር አልሳሳችም። ብሪቱ ዓይኗን ጠርጋ ወሰደችውና የእጃጂ መስመር ሚኒባስ ለሚነዳው ለገመቹ ሰጠችው። ያን ቀን ልቤ ሞልቶ ገባሁ፤ በሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ገመቹ በማግሥቱ ሱቁ ድረስ መጣ። «አካም ቡልተን፣ አዴ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብሪቱም እኔው ጋ ነበረች።

«አልተቀበለችም?» አለችው።

«ተቀብላ ከፈተችው።» ገመቹ መሬት መሬት ያያል። «ክቡን አየች፣ ቀለሙን አየች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። ‹ለልጄ ልቅሶ ማኅተም ላከችብኝ በላት› አለች።»

ፖስታውን ከፍቼ ካርዱን አየሁት። እንደ እንግዳ ሰው ሆኜ ነው ያየሁት። ክብ ነው። ሐምራዊ ነው። ዙሪያውን ቅጠል፣ መሐሉን ጽሑፍ። እኔ የአበባ ጉንጉን ብዬ የሠራሁት የመሥሪያ ቤት ማኅተም ነበር፤ እጄ ዕድሜውን ሁሉ ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅምና ሳያማክረኝ የለመደውን ሠራ። ለቃሉ ያን ያህል ስጨነቅ ቀለሙን ረስቼዋለሁ፤ የብሪቱ ጣት የተነከረበት ያው ቀለም ነው። ብሪቱ አልወቀሰችኝም። «አንቺ ምን አደረግሽ» ብላ ወጣች። ከኋላዋ ሳያት ነጠላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ጭራሽ ባልሠራሁት ይሻል ነበር፤ ካርድ ባይሄድ ዝምታ ነበር፣ አሁን ግን ሁለተኛ በደል ሆነ።

እሑድ ጉደር ኦቦ ቶለሳ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው በረንዳው ላይ፣ እኔ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከሩቅ ተጨዋወትን። ዓይናቸው ያኔ ብርሃንና ጥላን ብቻ ነበር የሚለየው። ካርዱን አላሳየኋቸውም፣ ነገርኳቸው።

«ክቡን ተዪው» አሉ። «ሐምራዊውን ተዪው። ጎማውንም ተዪው።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«ሰው የበደለውን ሰው ሊለምን ሲሄድ ምን ይዞ ነው የሚሄደው?»

«ማርጋ» አልኩ። እርጥብ ሣር ማለቴ ነው፤ በእኛ አካባቢ እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ታረቁኝ ማለቱ እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«እሱን ቀለም ቀብተሽ ምቺው። ቀለሙ ግን የመሥሪያ ቤት አይሁን። ጥላሸት ይሁን፤ ከራሷ ቤት። የምትመታውም ራሷ ትሁን። አንቺ ወረቀቱን ያዢላት።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ሃም ትበለው። አስም አለባት አልሽ? ቀስ ብላ ትበለው።»

ከእሳቸው የተማርኩት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። በዓመቱ አረፉ፤ ልቅሷቸውን ሄጄ ደረስኩ፣ ተፈቅዶ ነበር።

ብሪቱ መጀመሪያ እምቢ አለች። «ሁለቴ ልዋረድ?» አለችኝ። በዚህ ልፈርድባት አልቻልኩም። እኔም ስለ ራሴ ፈርቼ ነበር፤ ሁለተኛም ቢመለስ ያን በር የዘጋሁት እኔ እሆናለሁ። ግን ወደ ማታ ኩራዝ ይዛ መጣች። «እንግዲህ እንደምታደርጊው አድርጊው» አለች።

ኩራዙን አብርተን የቆርቆሮ ክዳን ከላዩ ያዝን። ክዳኑ ሥር ጥላሸቱ እንደ ጥቁር ሱፍ ተከመረ። በዶሮ ላባ ጠርገን አወረድነውና ከግራር ሙጫ ጋር ፈጨነው። ሙጫው ነው ጥላሸቱን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው፤ ያለ እሱ በነካሽው ቁጥር ይለቃል። ማቅጠኛው ላይ ተሳሳትኩ። ቤት ውስጥ በጠርሙስ የነበረውን የአምቦ ውሃ ጠብ ባደርግበት ቀለሙ ፈልቶ ተቋጠረ፣ አሸዋ መሰለ። ብሪቱ ከልጁ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ይኼ ውሃ ለጨጓራ እንጂ ለሐዘን አይሆንም» አለች። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አምጥተን እንደ አዲስ ጀመርን።

ሣሩን ጧት ከግቢዋ ነቀለችው፤ ጤዛውን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችለት። ጨርቅ ጠቅልዬ ትንሽ ኳስ ሠራሁና ቀለሙን በስሱ አስነካሁት። ሣር ላይ ቀለም ሲበዛ ጥቁር ዱላ ይሆናል፤ ሲሳሳ ግን ደም ሥሩ አንድ በአንድ ይወጣል። የመጀመሪያውን በሌላ ወረቀት ላይ አሳረፍነው፣ የኦቦ ቶለሳ ሥርዓት ነውና። ሁለተኛው ለካርዱ ነበር።

«አሁን ሃ በይው» አልኳት።

ማስኳን አወረደች። ሣሩን በሁለት እጇ ወደ አፏ አስጠጋችው። አስሟ በደረቷ ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ያ ጊዜ የሰው ትንፋሽ የሚፈራበት ጊዜ ነበር፤ ሰው ሲያስል ዞር የምንልበት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ረጅም አድርጋ፣ ከሆዷ «ሃ» አለችው። እኔ ከሩቅ ሆኜ አንድ የማላውቀው ሰው ሲጸልይ ያየሁ መሰለኝና ዓይኔን ሰበርኩ።

ሣሩን ወረቀቱ ላይ አስተኛነው፣ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አለበስነው። ብሪቱ በአውራ ጣቷ ከሥሩ ወደ ጫፉ አሸችው። ገመቹ ዕቃ ሊቀበል መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ወረቀቱን ስናነሣ አንድ ሰበዝ ሣር፣ ከነደም ሥሩ፣ ጫፉ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነጩ ላይ ተኝቷል። ሌላ ምንም የለም። ቃል ልጨምር ብዬ ምላጬን አንሥቼ ነበር፤ ብሪቱ እጄን ያዘችኝ።

«ጉዲሴም እንደኔው አታነብም» አለች።

ይህን እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ካርድ ያን ያህል የተጨነቅኩበትን ቃል ማንም አላነበበውም። ካርዱን ለትንፋሹ ጥንቃቄ ብለን ፀሐይ ላይ አሳደርነው ብል ውሸት ይሆናል፣ ፀሐይ አያድርም፤ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ቤት አደረና ገመቹ ወሰደው።

ቀናት አለፉ። ብሪቱ ቅመሟን ዘርግታ መንገዱን ታያለች። እኔም ሚኒባስ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ። በመጨረሻ ገመቹ መጣ። ያንኑ ካርድ ይዟል።

ብሪቱ ከሩቅ አየችው። «መለሰችው» አለች። እዚያው በርበሬው አጠገብ ቁጭ አለች።

«አዴ፣ መጀመሪያ ክፈቺው» አላት ገመቹ። እሷ ወደ እኔ ገፋችው፤ እኔ ከፈትኩት።

ከብሪቱ ሣር ጎን ሌላ ሣር ነበር። ሁለት ሣሮች፣ ጎን ለጎን። ሁለተኛው ወፍራም፣ የተጨማለቀ፣ አንዱ ጎኑ ጭራሽ ያልታተመ። ገመቹ እየተቻኮለ ነገረን። «ካርዱን ከፍታ ሣሩን አየችው። ከዚያ ይህ በምንድነው የተሠራው አለችኝ። ያየሁትንም የሰማሁትንም ነገርኳት፤ ጥላሸቱን፣ ሃ ያልሽውን። ካርዱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ገባች። እኔ መኪናውን አስነሥቼ እየጠበቅኩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይጮህብኛል። ስትወጣ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል፤ የድስት ቂጥ ፍቃ ነው የሠራችው። ‹ሃ ብዬዋለሁ በላት› አለችኝ።»

እንደ ባለሙያ ካየሁት ከዚያ የባሰ ሥራ አይቼ አላውቅም። ቀለሙ በዝቷል፣ ከሥሩ ምንም አልተነጠፈም፣ ሙጫ የሚባል አልነካውም። ጥላሸቱ ወረቀቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልያዘም። ግን ስንት ማኅተም ያለፈበት ዓይኔ እንባ ሞልቶት አላይ አለኝ። ብሪቱ ካርዱን ከእጄ ወሰደችና የእኅቷን ሣር በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። በዳበሰችው ቁጥር ጥላሸቱ ወደ ጣቷ ይመጣል። ያ ሐምራዊ ቀለም ውስጥ የተነከረው የቀኝ አውራ ጣቷ እስከ ጥፍሩ ጠቆረ።

በማግሥቱ ልጆቿን ሳታስፈቅድ ተነሣች። እኔ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። በሩ ላይ ውሃ የሞላ ጄሪካንና ሳሙና ተቀምጧል፤ ያኔ እጁን ሳይታጠብ የሚሳፈር የለም። አስተናጋጇ ሴት ቧንቧውን ከፍታ «እማማ፣ እጅዎን» አለቻት። ብሪቱ ግራ እጇን ዘረጋች፤ ሴትየዋ ሳሙና አደረገችላት፣ ታጠበች።

«ቀኙንስ?»

ብሪቱ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

«እሱን እጃጂ ነው የምታጠበው» አለች። ገመቹ በሩን ከፈተላት።